ጥያቄን ወደ ቤተ መጻሕፍት ስለ መላክ

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ስለ ሹመት ነው፤ ነገር ግን ከሹመት ይልቅ ለዕውቀት የሚስማማ ይመስለኛል። ሹመት አንዳንድ ጊዜ ሳይጠይቁትም ይመጣል፤ ዕውቀት ግን ካልጠየቁት አይመጣም። ታዲያ አንድ ተማሪ ሊያውቀው የሚፈልገው ነገር ሲያጋጥመው የሚጠይቀው ማንን ነው? በመጀመሪያ መምህሩን ይጠይቃል። መምህሩ የማያውቀው ነገር ከሆነ መጽሐፍ ያገላብጣል። መጽሐፉ በትምህርት ቤቱ ከሌለስ ምን ያደርጋል? በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው አስተያየት ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ የሚመለከት ነው። በአጭሩ ለመናገር፣ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በከተማም ይኑር በገጠር፣ ጥያቄውን በኢሜይል ጽፎ ወደ ቤተ መጻሕፍት መላክን መልመድ አለበት፤ በጎንደር ከተማ የሚገኙ ቤተ መጻሕፍትም እንዲህ ያለውን ጥያቄ ተቀብለው መልስ የሚሰጡበትን ሥርዓት ማቋቋም ይገባቸዋል እላለሁ።

በቅድሚያ የነገሩን ምንነት መግለጽ ያስፈልጋል። ቤተ መጻሕፍት ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው በመደርደሪያ ላይ ወደ ተደረደሩት መጻሕፍት ነው። ይሁን እንጂ ቤተ መጻሕፍትን ከመጽሐፍ መጋዘን የሚለየው በውስጡ ሰው መኖሩ ነው። ይህ ሰው የትኛው ጉዳይ በየትኛው መጽሐፍ እንደሚገኝ የሚያውቅ፣ ባያውቅም ፈልጎ ለማግኘት የሠለጠነ ባለሙያ ነው። የባለሙያው ሥራ መጽሐፍ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ጠያቂን ከሚፈልገው ጽሑፍ ጋር ማገናኘትም መሆኑ ከተነገረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1876 በአሜሪካ የዉስተር ከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሳሙኤል ግሪን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አንባቢውን በመልካም ፊት ተቀብሎ ጥያቄውን ማዳመጥና መርዳት እንዳለበት የሚያስረዳ ጽሑፍ አቅርቦ ነበር። «የማጣቀሻ አገልግሎት» የሚባለው ሥራ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች እየተስፋፋ ሄደ። ጠያቂው በአካል ይቀርብ ከነበረበት ዘመን ወደ ፖስታ፣ ከዚያም ወደ ስልክ ተደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ በባልቲሞር የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ቤተ መጻሕፍት ጥያቄዎችን በኤሌክትሮኒክ መልእክት መቀበል ጀመረ። ዛሬ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን የመሰሉ ታላላቅ ተቋማት ከማንኛውም አገር በጽሑፍ ለሚደርሳቸው ጥያቄ ያለ ክፍያ መልስ ይሰጣሉ።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ሊመስለን አይገባም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ሲሠራበት የኖረ ነገር ነውና። አንድ የቆሎ ተማሪ ድጓን ሊያስመሰክር ሲፈልግ መምህሩ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይመራዋል፤ ዝማሬና መዋሥዕት ሊማር ሲሻ ወደ ዙር አምባ ይልከዋል፤ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ከሆነ ደግሞ ጎንደርን ያሳየዋል። መምህሩ «ይህ ሙያ ከእኔ ዘንድ የለም፤ ከእገሌ ዘንድ ግን ታገኘዋለህ» ማለቱ ክብሩን አይቀንሰውም። እንዲያውም ዕውቀቱ ያለበትን ቦታ ማወቁ ራሱ ከዕውቀቱ ይቆጠርለታል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የመንገዱ ርዝመት ነው። የጥንቱ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየመንደሩ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ለሳምንታት በእግሩ ይጓዝ ነበር። የዛሬው ተማሪ ግን ራሱ ሳይጓዝ ጥያቄውን ብቻ ሊልክ ይችላል።

ጥያቄን በሆድ ይዞ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ላውጋ። ተማሪ በነበርሁበት ዘመን ከጎንደር በስተሰሜን በሚገኝ የደጋ አገር እማር ነበር። የታሪክ መምህራችን ስለ ጎንደር ነገሥታት ጽፈን እንድናመጣ አዘዘን። በትምህርት ቤታችን ስለዚህ ጉዳይ የሚናገር መጽሐፍ አልነበረም። አባቴ ይህን በሰማ ጊዜ በቅዳሜ ገበያ አንድ ጠቦት ሸጠና የአውቶቡስ መሳፈሪያ ሰጠኝ። ጎንደር ደርሼ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የቤቱ ባለሙያ መነጽሯን አድርጋ በመዝገብ ላይ ትጽፋለች። ቀርቤ ልጠይቃት አሰብሁና የለበስሁትን ጋቢና የተቀደደ ጫማዬን አየሁ፤ አፈርሁም። ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ እየተዘዋወርሁ ሰዓቱን ጨረስሁት። የመመለሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ስል ባዶ እጄን ወጣሁ። ማታ ቤት ስደርስ አባቴ «አገኘኸው?» አለኝ። «አዎን» አልሁት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደዚያው ቤት ተመልሼ በሄድሁ ጊዜ እንደ ተረዳሁት፣ እፈልገው የነበረው መጽሐፍ ለጠየቀ ብቻ ከሚሰጡት አንዱ ሆኖ ከባለሙያዋ ወንበር ጀርባ ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ለዚህ ነው። ያን ቀን የጎደለኝ መጽሐፉ አልነበረም፤ ባለሙያዋም አልነበረችም፤ የጎደለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነበር። ዛሬም ከደጋው አገር ወደ ከተማ የሚመጡ ብዙ ተማሪዎች በዚያው ዕፍረት እንደሚቸገሩ አያለሁ። ጥያቄን በጽሑፍ መላክ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች አንዱ ይህን ዕፍረት ማቃለሉ ነው። ደብዳቤ የላኪውን ጫማ አያሳይም፤ የአነጋገሩንም ዘዬ አያሰማም። የሚታየው የጥያቄው ጥራት ብቻ ነው። ከደባርቅ እስከ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለዚህ ጉዞ የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ ለአንድ የገበሬ ልጅ ቀላል አይደለም። በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄ ግን ይህን መንገድ ያለ መሳፈሪያ ይሄደዋል።

በጽሑፍ የተላከ አንድ ጥያቄ ምን ያህል ኃይል ሊኖረው እንደሚችል ከታሪካችን ምሳሌ ማምጣት ይቻላል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በተለይ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው በዚያ ያከማቿቸው የብራና መጻሕፍት ተዘረፉ። መጻሕፍቱና ሌላው ምርኮ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ከአምባው ወረደ። ከመጻሕፍቱም 350 ያህሉ ለንደን ከሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1864 ዓ.ም.፣ በዚያው ዓመት በአክሱም የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ግራንቪል ደብዳቤ ላኩ። የጠየቁትም ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ እንዲመለስላቸው ነበር።

ተማሪዎች የዚህን ደብዳቤ አጻጻፍ ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ «መጻሕፍቶቻችንን ሁሉ መልሱ» ብለው በጥቅሉ አልጻፉም። የፈለጉትን መጽሐፍ በስሙ ጠሩት፤ በውስጡ የአገሪቱ ሕግ እንደሚገኝበት ገለጹ፤ ለምን እንደሚያስፈልጋቸውም፣ ሕዝቡ ያለዚህ መጽሐፍ ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል በመንገር አስረዱ። የሙዚየሙ ሰዎች ስብስባቸውን ሲመረምሩ የዚሁ መጽሐፍ ሁለት ቅጂዎች ተገኙ። አንደኛውም በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ንጉሥ እንዲመለስ ተደረገ። በእርግጥ ይህ የንጉሥ ደብዳቤ ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም ንጉሥ አይደለም። ነገር ግን መልሱን ያስገኘው የጻፊው ማዕረግ ብቻ አይመስለኝም። ተፈላጊው ነገር በስም ባይጠራና በምልክት ባይለይ ኖሮ፣ ፈላጊዎቹ የቱን ፈልገው የቱን እንደሚሰጡ ባላወቁም ነበር።

ይኸው ታሪክ ሁለተኛ ትምህርትም አለው። ንጉሠ ነገሥቱ ከመጽሐፉ ጋር ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን፣ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ሲሄዱ ይዘውት ይወጡ የነበረውን ሥዕል ጭምር ጠይቀው ነበር። ስለ ሥዕሉ የመጣው መልስ ግን ዱካው እንዳልተገኘና ወደ እንግሊዝ አገር የመጣ እንደማይመስል የሚገልጽ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ከጦሩ ጋር በሙዚየሙ ተልኮ የዘመተው ሪቻርድ ሆልምስ ሥዕሉን ለራሱ አስቀርቶት ነበር። ይህም የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፣ ከታላቅ ተቋም የመጣ መልስም ቢሆን መመርመር እንዳለበት ነው። «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ባለሙያው የፈለገው የት የት እንደሆነ መጠየቅ፣ ሌላ ቤተ መጻሕፍትም መሞከር ያስፈልጋል።

ለጎንደርና ለአካባቢው ልጆች ይህ ጉዳይ ከሌላው ይልቅ የቀረበ ነው። ከፋሲል ግቢ የገባ ሰው የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለውን ሕንፃ ያያል። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ከ1667 እስከ 1682 እ.ኤ.አ. የነገሡ ናቸው። ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ መጻሕፍቱ ግን በውስጡ የሉም። ከጎንደር ከወጡት መጻሕፍት ጥቂቶቹ የት እንዳሉ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ ከያዛቸው የብራና መጻሕፍት መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይገኙባቸው ነበር። አንዱን ፓሪስ ላይ ለፈረንሳይ ንጉሥ አበረከተ፤ ሌላው በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከሚገኘው ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገባ። በብሪቲሽ ሙዚየም የነበሩት የመቅደላ መጻሕፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ተቋቋመው ብሪቲሽ ላይብረሪ ተዛውረዋል። በዚያው በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። የፊልሙ ቅጂ በአሜሪካ በሚኔሶታ ክፍለ አገር በኮሌጅቪል ይገኛል። ከዝርዝር መዝገቡም አብዛኛውን ያዘጋጁት እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው።

እነዚህን መጻሕፍት ሄዶ ለማየት የሚያስችል ገንዘብ ያለው የጎንደር ተማሪ ብዙ አይደለም። ጽፎ መጠየቅ ግን ማንም ይችላል። አያቶቹ የጻፉት መጽሐፍ የት እንደሚገኝ፣ በየትኛው ቁጥር እንደ ተመዘገበ፣ በኢንተርኔት ይታይ እንደሆነ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቢጠይቅ ድፍረት ሊባልበት አይገባም። እንዲያውም እንዲህ ያለው ጥያቄ ከሩቅ አገር ሊቃውንት ይልቅ ከቦታው ልጆች ቢመጣ ያምራል። የመጻሕፍቱ መመለስ ጉዳይ በመንግሥታትና በተቋማት መካከል የሚነጋገሩበት ነው። የምንጠይቀውን ነገር ለይተን ካላወቅን ግን የምንመልሰውን ነገር አናውቅም።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንለፍ። «ስለ ስሜን ተራሮች የምታውቁትን ሁሉ ላኩልኝ» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ባለሙያ ምን ሊያደርግ ይችላል? ስለ እንስሳቱ ነው የተጠየቀው? ስለ ከፍታው? ስለ ሕዝቡ? ጥያቄው ወሰን ስለሌለው መልሱም ወሰን አይኖረውም። በዚህ ፈንታ የሚከተለውን እንመልከት።

«ለተከበሩ የማጣቀሻ ክፍል ባለሙያ፤ እኔ በደባርቅ የምማር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ድርሰት በመጻፍ ላይ እገኛለሁ። በትምህርት ቤታችን ያገኘሁት መጽሐፍ ፓርኩ በአደጋ ላይ ከሚገኙ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ እንደ ገባ ይናገራል። አስጎብኚ የሆኑ ጎረቤታችን ግን ከመዝገቡ ወጥቷል ይላሉ። የትኛው ትክክል እንደሆነና ይህን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ከየት እንደማገኝ እንዲገልጹልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ድርሰቱን የማስረክበው ኅዳር 20 ቀን ስለሆነ መልሱ ከዚያ በፊት ቢደርሰኝ ይጠቅመኛል። አማርኛም እንግሊዝኛም ማንበብ እችላለሁ። ስለሚያደርጉልኝ ትብብር አስቀድሜ አመሰግናለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስድስት ነገሮች ተሟልተዋል። ጠያቂው ማን እንደሆነ ተገልጿል፤ ጥያቄው ለምን እንደሚፈለግ ተነግሯል፤ ጠያቂው ከዚህ በፊት የት እንደ ፈለገና ምን እንዳገኘ ታውቋል፤ ያልገባው ነገር አንድ ተብሎ ተለይቷል፤ መልሱ የሚፈለግበት ቀን ተወስኗል፤ መልሱ በምን ቋንቋ ሊቀርብ እንደሚችልም ተጠቅሷል። ለዚህ ደብዳቤ መልስ ለመስጠት አይከብድም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ተቆጠረ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ተሰረዘ። ስለዚህ መጽሐፉም አልዋሸም፤ ጎረቤቱም አልተሳሳቱም፤ የተለያየው የተናገሩበት ዘመን ነው። ተማሪው ከዚህ የሚያገኘው አንድ መልስ ብቻ ሳይሆን፣ መጽሐፍ ሲያነብ የታተመበትን ዓመት የማየትን ልማድ ጭምር ነው።

ሌሎች መታወቅ ያለባቸው ጥቂት ሥርዓቶች አሉ። በደብዳቤው ራስጌ ላይ የጉዳዩን ርእስ በአጭሩ ማስፈር ባለሙያው ሳይከፍተው ነገሩን እንዲረዳ ያደርገዋል። በአንድ ደብዳቤ ብዙ ጥያቄ ከማጨቅ አንዱን መርጦ መጠየቅ ይሻላል። የምስጢር ቁልፍ፣ የመታወቂያ ቁጥርና የቤተሰብ ጉዳይ በደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም፤ ደግ ቤተ መጻሕፍትም አይጠይቅም። የታመመ ሰው ምን መድኃኒት እንዲወስድ ወይም በፍርድ ቤት ምን እንዲከራከር መጠየቅ የሐኪምና የጠበቃ ነው፤ ባለሙያው ሊያሳይ የሚችለው ጽሑፍ የሚገኝበትን ቦታ ብቻ ነው። መልስ ሲዘገይ በየሰዓቱ ከመጨቅጨቅ ቀናት ጠብቆ በጨዋነት ማስታወስ ይገባል። መልስ ሲደርስም ማመስገን አይረሳም።

በዚህ አስተያየት ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «መብራትና ኢንተርኔት በሌለበት አገር ስለ ኢሜይል ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚለው ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በነበረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። በሰላሙ ጊዜም ቢሆን በጃናሞራና በበየዳ ተራሮች መካከል መልእክት የሚያልፍበት ቦታ በፍለጋ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ኢሜይል ከሌሎቹ መገናኛዎች የሚለይበት ጠባይ አለው። እንደ ስልክ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሰዓት እንዲገናኙ አያስገድድም፤ መልእክቱ ተቀባዩን ይጠብቃል፤ መልሱም ጠያቂውን ይጠብቃል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መስመር የሚያገኝ ትምህርት ቤት እንኳ ሊገለገልበት ይችላል። ተማሪዎች ጥያቄያቸውን በወረቀት ጽፈው ለአንድ መምህር ይስጡ፤ መምህሩ ወደ ወረዳው ከተማ በሚወርድበት ቀን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይላክ፤ የመጣውንም መልስ ገልብጦ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። መስመር በጠቅላላ ሲጠፋ ደግሞ ያው ወረቀት በፖስታ ሊሄድ ይችላል። ኢሜይል መንገዱን አሳጠረው እንጂ ጽፎ መጠየቅ ከእርሱ በፊትም ነበረ፤ ዐፄ ዮሐንስም የጻፉት በመልእክተኛ እጅ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከከተማ ተማሪዎች የሚመጣ ነው። «ማንኛውንም ነገር በስልኬ ፈልጌ በአንድ ደቂቃ አገኛለሁ፤ አሁንማ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ተጠይቆ ይመልሳል፤ ታዲያ ቀናት የሚወስደውን መልስ ለምን እጠብቃለሁ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ለቀላል ጥያቄ ስልኩ ይበቃል። ነገር ግን ፈጣን መልስ ሁልጊዜ የታመነ መልስ አይደለም። እነዚህ መሣሪያዎች ያልነበረ መጽሐፍ ስም ጠርተው፣ ያልተጻፈ ገጽ ጠቅሰው የሚመልሱበት ጊዜ አለ። በተለይ ስለ አገራችን ገጠር፣ ስለ አንድ ደብር ታሪክ ወይም ስለ አንድ ሰፈር ወግ የተጻፈው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነና ብዙው በኢንተርኔት ላይ ስላልወጣ፣ ስሕተቱ ይበዛል። ደግሞም በኢንተርኔት ላይ የወጣው ሁሉ ዘወትር እንደወጣ አይቆይም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች በተጠቃ ጊዜ፣ በኢንተርኔት ይታዩ የነበሩት የብራና መጻሕፍት ምስሎች ለረጅም ጊዜ ሳይታዩ ቀርተዋል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርዶ፣ ገጹን ገልጦ፣ ምንጩን ጠቅሶ የሚመልስ፣ ያላወቀውንም «አላገኘሁም» ብሎ የሚናገር፣ ለመልሱም ኃላፊ የሆነ ሰው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የመምህራን ነው። «ተማሪው የቤት ሥራውን ሌላ ሰው እንዲሠራለት ያስለምደዋል» ይላሉ። ይህ የሚሆነው አገልግሎቱ በትክክል ካልተያዘ ነው። ጥሩ ባለሙያ ድርሰት አይጽፍም፤ ሒሳብም ሠርቶ አይልክም፤ መጽሐፉንና ገጹን ያመለክታል። ማንበቡ፣ ማነጻጸሩና መጻፉ ለተማሪው ይቀራል። ከዚህም በላይ ደብዳቤውን መጻፉ ራሱ ሥራ ነው። ያልገባውን ነገር ለይቶ በአምስት መስመር የሚገልጽ ተማሪ፣ የድርሰትን ትምህርት ግማሹን ጨርሷል ለማለት ይቻላል። ጥያቄውን ሲጽፍ መልሱ ራሱ የሚታየውም ጥቂት አይደለም።

የቋንቋ ነገርም ሊነሣ ይችላል። ቀድሞ በኮምፒዩተር በፊደላችን ተጽፎ የተላከ ደብዳቤ በሌላው መሣሪያ ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ይህ ችግር ተቃሏል። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ጎንደር በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ወደ ውጭ አገር ሲጻፍ ግን አጭር የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ማዘጋጀት ይሻላል፤ የእንግሊዝኛ መምህሩንም አሳርሞ መላክ ሌላ ትምህርት ይሆናል።

እንግዲህ የተማሪው ግዴታ ይህ ከሆነ፣ የከተማዋ ግዴታስ ምንድን ነው? ጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ የተስፋፋባት፣ ሊቃውንት ከየአገሩ የሚጎርፉባት ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በዩኒቨርሲቲውና በከተማው የሚገኙ ቤተ መጻሕፍት ተስማምተው ለሰሜን ጎንደር ትምህርት ቤቶች የሚያገለግል አንድ የጥያቄ መቀበያ አድራሻ ቢከፍቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ መዝገብና በየቀኑ ጥቂት ሰዓት የሚመደብለት አንድ ባለሙያ ነው። የመጣው ጥያቄ በመዝገቡ ይስፈር፤ መልሱም የተሰጠበት ቀን ይጻፍበት፤ ከቤቱ ያልተገኘው ጥያቄ ወደ አዲስ አበባ ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ወይም ወደ ሌላ ተቋም ይመራ። በዓመቱ መጨረሻ ጥያቄዎቹና መልሶቹ ያለ ጠያቂው ስም ተጠርዘው ለየትምህርት ቤቱ ቢላኩ፣ መጽሐፍ የሌለው ትምህርት ቤት በልጆቹ ጥያቄ የተገኘ አንድ መጽሐፍ ይኖረዋል።

ይህ ሥርዓት ባለሙያዎቹንም ይጠቅማል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ በሚጎተት ጋሪ ላይ ጭነው ወደ ልጆች ይልኩ የነበረው መጽሐፍ ተደራሲውን ተቀምጦ መጠበቅ እንደማይገባው በመገንዘባቸው ነው። በደጋው አገር የሚኖሩ ልጆች ምን እንደሚጠይቁ ያልሰማ ቤተ መጻሕፍት፣ ምን መጽሐፍ መግዛት እንዳለበት በምን ያውቃል? ሃምሳ ተማሪ ስለ ገብስ በሽታ ጠይቆ ስለ ገብስ በሽታ የሚናገር መጽሐፍ ከቤቱ ካልተገኘ፣ ለሚመጣው ዓመት የሚገዛው መጽሐፍ ታወቀ ማለት ነው።

በጠቅላላው መጠየቅ የሰነፍ ወይም የደካማ ሥራ አይደለም። ጥያቄን አስተካክሎ ጽፎ ወደሚያውቅ ሰው መላክ፣ የመጣውንም መልስ መርምሮ መቀበል የተማረ ሰው ጠባይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ በዚህ ሳምንት በልቡ ከያዛቸው ጥያቄዎች አንዱን መርጦ፣ ከዚህ በላይ በተገለጸው ሥርዓት ጽፎ ለመምህሩ ያሳይ፤ ታርሞም ወደ አንድ ቤተ መጻሕፍት ይላክ። መልሱ ቢዘገይ ወይም ባይሟላ ተስፋ አይቁረጥ፤ ሌላ ይጻፍ። እኔ በዚያ ቀን ጎንደር ሄጄ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ለአባቴ አንድ ጠቦት፣ ለእኔም አንድ ውሸት አስወጥቶኛል። ዛሬ በደባርቅ ወይም በዳባት የሚማር ልጅ አባቱ «አገኘኸው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ገና ነው፤ ነገር ግን ጠይቄያለሁ» ብሎ በእውነት ሊመልስለት ይችላል።